የኮመንዳቶሬው ቀለሆች

ባለፈው ሰሞን የመንጋጋ ጥርሴ አላስተኛ ሲለኝ የልጅ ልጄ ሶፊያ እዚሁ ሮማ፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ካለ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ወንበሩ ላይ አጋድመውኝ አፌን እንደ ከፈትኩ ሐኪሙ መድኃኒት ውስጥ የነከረውን ጥጥ የተቦረቦረው ጥርሴ ላይ ሲያሳርፈው የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ለካ የጥርስ መድኃኒት ከቅርንፉድ ዘይት ይሠራል። በዚህ ዕድሜዬ ይህን አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ደንግጦ «አመመዎት እንዴ ሲኞራ?» አለኝ። አፌ በጥጥ ተሞልቶ ምን ልበለው? ቀጥል ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ሶፊያም በጣልያንኛ ያንኑ ጠየቀችኝ፣ ኖና ፈርተሽ ነው ወይ አለች። ያስለቀሰኝ ጥርስ ሳይሆን ጠመንጃ ነው ብላት አያቴ ጃጀች ብላ ለእናቷ ትደውል ነበር። ስለዚህ ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ፣ አገር ቤት ሰው ሁሉ ጓድ ጓድ በሚባባልበት ዘመን፣ እኔ ካምፖ ደ ፊዮሪ ከሚባለው ገበያ ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ ሲኞር ኡምቤርቶ የሚባሉ ጠመንጃ ሠሪ ቤት ለቤት ሥራ ተቀጥሬ ነበር። ከላይ መኖሪያቸው ነው፣ ከታች ቦቴጋ የሚሏት መሥሪያ ክፍላቸው። ጠዋት መስኮት ስከፍት ከገበያው የሚመጣው የበሶብላ ሽታ ከታች ከሚወጣው የማሽን ዘይት ጋር ተደባልቆ ይቀበለኛል። ቡናውን፣ ካፌ የሚሉትን፣ ቆመው ከጠጡት ሦስት መቶ ሊሬ ነበር፣ ከተቀመጡ እጥፍ ነው፤ እናም በእነዚያ ዓመታት ተቀምጬ ካፌ የጠጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አውቶቡስ መቶ ሊሬ ነበር። ዛሬ ሶፊያ ለአንድ ካፑቺኖ የምትከፍለውን ሳይ ያኔ ሀብታሞች ነበርን እላለሁ፤ ኪሳችን ግን ይህን አያውቅም ነበር። የሥራ ልብሴ ነጭ አንገትጌ ያለው ሰማያዊ ሽርጥ ነው። ሐሙስ ከሰዓት፣ በዕረፍቴ፣ እሱን አውልቄ ከፖርታ ፖርቴዜ የእሑድ ገበያ የገዛሁትን ቤልቦተም ሱሪ እለብስና በዚያ ላይ ረጅም ታኮ ጫማ አደርጋለሁ፤ በሮማ ኮብልስቶን ላይ በታኮ መሄድ እንዴት ያለ ጀግንነት እንደነበር የዛሬ ልጆች በስኒከራቸው ሆነው አይገባቸውም።

ሲኞር ኡምቤርቶ ጠመንጃ ይሠራሉ ከማለት ይሰፋሉ ማለት ይቀላል። ደንበኛው ሲመጣ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ክንዱን፣ ትከሻውንና አንገቱን ይለኩታል። ከዚያ ኖቼ ከሚሉት ዛፍ፣ ያውም ዓመታት ከደረቀ እንጨት፣ ሰደፉን ይጠርቡለታል። በተልባ ዘይት እያሹ፣ እያደረቁ፣ እንደገና እያሹ ወራት ይፈጃል። ዋናው ዝናቸው ግን በጥይቱ ነበር። ፋብሪካ የሚያወጣውን ጥይት አይወዱም። የአንድ ትልቅ ጥይት ቀለህ ወስደው፣ አንገቱን አጥብበው፣ ትከሻውን ወደ ላይ ገፍተው፣ የሌላ ትንሽ ጥይት እርሳስ ያጎርሱታል፤ ጠመንጃውንም በዚያው ልክ ይቦረቡሩለታል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ጥይት የዱር ድመት ይሉታል ብለውኛል። እሳቸው ዲቃላ ነበር የሚሉት። ከሁለት ወገን የተወለደ፣ ከሁለቱም የሚፈጥን። ገበያ ወጥተው ቢፈልጉት የለም፣ ጠመንጃውም ከእሱ ሌላ አይጎርስም።

ያንን ዲቃላ የማዋልደው እኔ ነበርኩ። የሲኞር ጣቶች በቁርጥማት ሲያብጡባቸው አንድ ቀን የብረት ብናኝ ልጠርግ ወርጄ ሳለሁ «አሰለፈች፣ እስቲ ይህን ያዥልኝ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ብዙም አላነሣሁትም። ሚስታቸው ሲኞራ ኢዳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠራተኛዬን ቀማኸኝ እያሉ ምሳ ያቃጥሉ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ቀለሁን ከበግ ጠጉር በሚወጣ ቅባት ቀባ አድርጌ ቅርጽ ማውጫው ብረት ውስጥ ከትቼ ማንሻውን ቀስ ብዬ እጫናለሁ። ከቸኮልኩ አንገቱ ይጨማደዳል፣ ቅባት ካበዛሁ ትከሻው ይጎደጉዳል። ቀጥሎ አንገቱን በጋዝ እሳት አሙቄ ቀለሙ ሊለወጥ ሲል ውኃ ውስጥ እጥለዋለሁ። በመጨረሻ እሳቸው ተኩስ ሜዳ ወስደው በጥቂት ባሩድ ይተኩሱታል፣ ያኔ ቀለሁ ተነፍቶ የጠመንጃውን ጉሮሮ ልክ ይይዛል። ቀለህ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። እናቴ ኩል እየፈጨች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ኩሏን የምትሞላው በጥይት ቀለህ ስለነበር ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነው ያደግሁት። የኩሉን ድንጋይ አልማ፣ በሻሽ ነፍታ፣ ቅርንፉድ ትጨምርበታለች፤ አፉን በሰም ትደፍነዋለች። ቅርንፉድ የምትጨምር እሷ ብቻ ነበረች። ጎረቤቶቻችን «የእትዬ ጥሩነሽ ኩል ሳያስለቅስ አያስውብም» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፣ ይገዟትም ነበር።

ሲኞር ኡምቤርቶ አንድ ሕግ ነበራቸው። ደንበኛው የተኮሰውን ቀለህ ሁሉ ለቅሞ መመለስ አለበት። አንድ ቀለህ ዲቃላ ለመሆን ስንት ጊዜ እሳትና ብረት እንደሚቀምስ ያውቃሉና አንዱ ሜዳ ላይ ቀረ ሲባሉ ዘመድ የሞተባቸው ያህል ይከፋሉ። የተመለሰው ቀለህ በፈላ አቼቶና ጨው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይጎርሳል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጠመንጃውን ሲያስረክቡ ስለ ጠመንጃው አንድ፣ ስለ ቀለሁ አሥር ቃል ይናገራሉ።

የእኔ ጭንቀት በዚያ ጊዜ ሌላ ነበር። እናቴ የአዲስ አበባው ቤታችን በአዋጅ ሲወሰድ ወደ ትውልድ አገሯ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄዳ ነበር። ወንድሜ አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅም የሚመልስም አልነበረም። ከዚያ የእናቴ ደብዳቤ ቆመ። እጽፋለሁ፣ መልስ የለም። ሳን ሲልቬስትሮ ካለው ፖስታ ቤት የስልክ ክፍል ሄጄ ወረፋ ይዤ የጎረቤት ስልክ አስደውላለሁ፣ ያነሣው ሰው ስሟን ስጠራ ይዘጋዋል። ሐሙስ ሐሙስ እኛ የአገር ልጆች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ካለ ምግብ ቤት ስንገናኝ ሁላችንም የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከአገር ቤት ማን መጣ? የመጣ ሰው ከተገኘ መኮሮኒው ቢቀዘቅዝም ከበን እናደርቀዋለን። ከምግብ ቤቱ ካሴት የሚወጣው ዘፈን ሁሌ ስለ መለየት ነው፣ እኛም አብረን እናንጎራጉራለን፣ ቀጥሎ ስለ ፔርሜሶ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዳችን፣ እናወራለን። የሁላችን ታላቅ ቶር ፒኛታራ የሚኖሩት እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ የልደትም የሐዘንም ዳኛችን እሳቸው ናቸው። «ዝም ማለት ደኅና ነው፣ ክፉ ወሬ እግር አለው» ይሉኛል። ለጊዜው አጽናናኝ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ግን አባባሉ እየሳሳ ሄደ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው ኮመንዳቶሬ በሚል ማዕረግ የሚጠሩት ደንበኛ የመጡት። የእብነ በረድ ነጋዴ ናቸው፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው ይገባል፣ የሱፍ ኮታቸው በሐምሌ አይወልቅም። ጠመንጃቸው ከታዘዘ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አልቆ ሊረከቡ መጥተው ወዴት ለአደን እንደሚሄዱ ሲኞር ሲጠይቋቸው «ኢትዮጵያ» አሉ። «ደጋ አጋዘን የሚባል አለ፣ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው ያለው። መንግሥታቸው በዶላር ይፈቅዳል። ጭላሎ የሚባል ተራራ ላይ ነው።» ማንሻው እጄ ላይ ቀረ። እኔ የማልረግጠውን አገር እኔ የሠራሁት ጥይት ሊሄድበት ነው። ቀናሁ ብል አይዋሽም። በዚያች ትንሽ ጥይት ቀናሁ።

ማታ ፎቶዬን አዘጋጀሁ። ደብዳቤ መጻፍ አስቤ ነበር፣ ግን ፈረንጅ ይዞት የመጣ ወረቀት እናቴ ቤት ቢገኝ ምን እንደሚከተል ማሰብ አላቃተኝም። ፎቶ ግን ፎቶ ነው። በነጋታው «ኮመንዳቶሬ፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት በሕይወት አሉ ወይ ብለው ይህን ፎቶ አሳይተው ይጠይቁልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ሲኞሪና፣ እኔ የምሄደው አጋዘን ፍለጋ እንጂ እናት ፍለጋ አይደለም» አሉና ሳቁ።

ሲኞር ኡምቤርቶ አልሳቁም። የጠመንጃውን ሣጥን ክዳን ዘግተው እጃቸውን አሳረፉበትና «ጥይትዎን የሠራችው እሷ ናት፤ ሲያልቅብዎም የምትሠራልዎ እሷው ናት» አሉ። ኮመንዳቶሬው ፎቶውን ተቀብለው ከፓስፖርታቸው ጋር አኖሩት። ስለ ቀለሁም አሥሩን ቃል ሰምተው፣ ከነቆዳ ከረጢቱ ወስደው ሄዱ።

ሲመለሱ መኸር ገብቶ የቴቬሬ ወንዝ ዳር ዛፎች ቢጫ ሆነው ነበር፤ ማክሰኞ ቀን ነው። ፊታቸው በደጋ ፀሐይ ተልጧል። አጋዘኑን እንዴት እንደጣሉት፣ ዲቃላው እንዴት እንደ መብረቅ እንደሄደ ቆመው አወሩ፣ ተቀምጠውም አወሩ። አንድ ቀለህ ጠፍቶባቸው ካምፑን ሁሉ እንዳስፈተሹ፣ ከቀናት በኋላ በራሱ ጊዜ ከረጢቱ ውስጥ እንደተገኘ እየሳቁ ነገሩን። «አንድም አልጎደለም ኡምቤርቶ፣ ይቁጠሩት።» እኔ ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ትዝ አልኳቸው። ፎቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«ለካምፑ ወጥ ሠሪ አሳየሁት፤ የዚያች ከተማ ሰው ነው። ቀለሁን የምትሠራው ይህች ልጅ ናት፣ እናቷን ትፈልጋለች ብዬ በአስተርጓሚ አስነገርኩት። ከመንግሥት የተመደበብን ሰውዬም አጠገባችን ነበር። ወጥ ሠሪው ረጅም ጊዜ አየው። ፎቶውን መለሰልኝ።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ምድጃው ሄደ።»

ለፈረንጅ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሰው ተጠየቀ፣ አላውቅም አለ፣ አለቀ። እኔ ግን ከየት እንደመጣሁ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በመንገድ ላይ፣ በእንግዳ አፍ አይነገርም። የሚያውቅ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ዝም ይላል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ መጥቶ እስኪያረዳ ድረስ። ወጥ ሠሪው ዝም ማለቱ ለእኔ ነግሮኝ አረፈ። «ግራትሲዬ ኮመንዳቶሬ» ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። የዚያን ቀን ሲኞራ ኢዳ ምሳ ሲያቃጥሉ እኔ አልነበርኩበትም፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግድግዳ አይ ነበር። እንደማለቅስ ጠብቄ ነበር፣ እንባው ግን አልመጣም። ደረቅ ሐዘን ከእርጥቡ እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሐሙስ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። እንዴት እንዳየ፣ እንዴት እንደመለሰ፣ እንዴት ራሱን ዝቅ እንዳደረገ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና «አሎራ፣ እሑድ እኔ ቤት እንቀመጣለን። አንቺ ጥቁርሽን ልበሽ» አሉ። አንዷ ንፍሮ ልትቀቅል፣ አንዷ ወንበር ከጣልያን ጎረቤቷ ልትለምን ተከፋፈሉ። ተርሚኒ ውስጥ ባቡር ጠባቂው ሁሉ እየሮጠ እኛ ቆመን ሐዘን እናደራጃለን። ዛሬ ሳስበው ትንሽ ያስቀኛል። ሬሳ አላየን፣ ደብዳቤ አልመጣ፣ በአንድ ወጥ ሠሪ አንገት እናቴን ልንቀብር ነበር። ያን ጊዜ ግን አንዳችንም አልተጠራጠርንም።

ቀለሆቹን ያን ሳምንት አልነካኋቸውም። ሲኞር ኡምቤርቶ አዝነውልኝ ማጠቡን እኔ እሠራዋለሁ ብለው ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት አቼቶውን አፍልተው ከነከረጢቱ ገለበጡበት። ዓይናቸው በመነጽርም ያን ያህል አልነበረም። ጥቁር ቀሚሴን እየተኮስኩ ሳለሁ ከታች የእሳቸው ድምፅ መጣ፤ እየተቆጡ ነው።

«አሰለፈች! ይህ ሰውዬ ምን ዓይነት ባሩድ ነው የተኮሰው? ውኃውን ተመልከቺው፣ ቀለም ሆነ!»

ደረጃው አጋማሽ ላይ ስደርስ ሸተተኝ። አቼቶ ከሥሩ፣ ቅርንፉድ ከላዩ። ክፍሉን ሁሉ ሞልቶታል። ድስቱ ላይ ውኃው እንደ ጥቁር አዝሙድ ጠቁሮ ይንተከተካል፣ ላዩ ላይ የቀለጠ ሰም ተንሳፍፏል። ማንካውን ተቀብዬ ቀለሆቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። አንዱ ገና ጉሮሮው ውስጥ እንደ ጭቃ የተጣበቀ ጥቁር ነገር ነበረው። አቀዝቅዤ በጣቴ ነካሁት፣ አሸተትኩት።

«እናቴ ናት» አልኳቸው።

«ማን?»

«እናቴ። አለች።»

ሲኞር ኡምቤርቶ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሳቱን አጠፉ። የተጣበቀው እንባ ያን ጊዜ መጣ፣ የብረት ብናኙ ላይ ተቀመጥኩ። ሲኞራ ኢዳ ድምፅ ሰምተው ወርደው እሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አለቀሱ። ውኃውን በንጹሕ ሻሽ አጠለልነው፤ ኩል ውኃ አይፈታውምና ዝቃጩ ሻሹ ላይ ቀረ። ሌሊቱን በማሞቂያው ላይ አደረቅሁት። ቀለሁን ሲኞር ኡምቤርቶ አጥበው፣ ከሌሎቹ ለይተው እጄ ላይ አኖሩት። በዚያ ቤት ስኖር ሳይጎርስ የቀረ ብቸኛው ቀለህ እሱ ነው። አሁን የአልጋዬ ራስጌ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘመኑ ተለውጦ ስልክ እንደ ልብ ሲሠራ፣ ከራሷ ከእናቴ አፍ ነው። «ያ ፈረንጅ ቀለሁን እንደ ጠገራ ብር ሲለቅም አየን አሉኝ ልጄ» አለችኝ። ወጥ ሠሪው የጓደኛዋ ልጅ ነበር። ሰላዩ አጠገቡ ቆሞ ምን ይናገር? ቀለሁ አንድ ሳይቀር ሮማ እንደሚመለስ፣ የሚነካውም እኔው እንደሆንኩ ፈረንጁ ራሱ ነግሮታል። አንዱን ሰርቆ አመጣላት፣ ሞልታ ደፍና ሰጠችው፣ መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ስልክ በኋላ እናቴ ዓመታት ኖረች። ስትሞት መርዶውን ያረዱኝ እትዬ ብርቄ ናቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፤ እኔም እንደ ወጉ አለቀስኩላት።

ያን እሑድ ግን ጥቁሬን ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ሌላ የተተኮሰ ልብስ አልነበረኝም። ቶር ፒኛታራ የእትዬ ብርቄ ደረጃ ላይ ስደርስ ልቅሶው ከውስጥ ይሰማል፣ እኔን ሲያዩ ደግሞ ከፍ አደረጉት። በሩ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ አንዷ ዝም አለች፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሐዘንተኛ ራሷን ትላጫለች፣ ፊቷን ትነጫለች፣ ነጠላዋን ታዘቅዝቃለች፤ ዓይኗን ግን አትኳልም። እኔ ከላይም ከታችም፣ እስከ ጠርዙ ተኩዬ ነበር። ቅርንፉዱ እያቃጠለኝ እንባዬ ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። ሐዘኑ አሳበዳት ብለው ሲይዙኝ እትዬ ብርቄ ሰው ገፍተው መጡና አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ምነው ልጄ፣ በእናትሽ ልቅሶ? ማነው እንዲህ የኳለሽ?»

«እናቴ» አልኳቸው።